አንፊልድ 1989፦ እኩል ከወጡ ዋንጫው ለምን የአርሰናል ሆነ?

ጥያቄ፦ «እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። አጎቴ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ ሊቨርፑል ነው። በ1989 በሊቨርፑል ሜዳ በአንፊልድ የተደረገው ጨዋታ በተነሳ ቁጥር እንጨቃጨቃለን። እሱ ‹ነጥብ እኩል፣ የግብ ክፍያ እኩል፣ የመጀመሪያው ጎል ደግሞ መጽደቅ ያልነበረበት፤ በአጭሩ ተዘርፈናል› ይላል። እውነት እኩል ከነበሩ ዋንጫው በምን ሕግ ለአርሰናል ተሰጠ? ደግሞስ በሜዳው 1 ለ 0 ቢሸነፍ እንኳ ሻምፒዮን የሚሆን ቡድን እንዴት 2 ጎል ይገባበታል?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ አጎትህ ሂሳቡን አልተሳሳተም። «ተዘርፈናል» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። እኔ ታዳጊዎች አሰለጥናለሁ፤ ይህን ጨዋታ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ስንት ጊዜ ቁጭ ብዬ እንዳየሁት ቤተሰቤን ብትጠይቅ ይነግሩሃል። ከሁለቱ ጥያቄዎችህ ቀላሉ የሕጉ ነው፤ እሱን አስቀድመን እንገላገለው።

ቀኑ ዓርብ ሜይ 26፣ 1989 ነው። በእኛ ግንቦት 18 ቀን 1981። (የግንቦት 8ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ገና 10 ቀኑ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ያን ሳምንት የእንግሊዝ ኳስ ትዝ ያለው ሰው ብዙ የነበረ አይመስለኝም።) የእንግሊዝ ሊግ የመጨረሻ ጨዋታ ነው፤ አንደኛው ሁለተኛውን በሜዳው ያስተናግዳል። ሊቨርፑል 76 ነጥብ አለው፤ አርሰናል 73። ሊቨርፑል 65 አግብቶ 26 ገብቶበታል፤ የግብ ክፍያው (ካገባው የገባበት ሲቀነስ) 39። አርሰናል 71 አግብቶ 36 ገብቶበታል፤ ክፍያው 35።

አርሰናል ቢያሸንፍ ነጥቡ 76 ለ 76 ይሆናል። በ1 ጎል ቢያሸንፍ ግን 36 ለ 38፤ ዋንጫው ሊቨርፑል ጋር ይቀራል። በ2 ካሸነፈ 37 ለ 37። የሆነውም ይኸው ነው። ያሸነፉበት፣ አቻ የወጡበትና የተሸነፉበት ብዛት እንኳ አንድ ዓይነት ነው፦ 22 ድል፣ 10 አቻ፣ 6 ሽንፈት። መንትያ በለው።

እንዲህ ሲሆን ሕጉ ሦስተኛ መስፈርት ነበረው፦ ብዙ ጎል ያገባ ይቀድማል። አርሰናል 73 አግብቷል፤ ሊቨርፑል 65። አለቀ። ይህ ደግሞ ለዚያች ማታ የተፈጠረ ሕግ አይደለም። ውድድሩ ሲጀመር ሁለቱም ያውቁት ነበር፤ ያን ቀን ጠዋት የወጣ ጋዜጣ ሁሉ «ሁለት ጎል» እያለ ነበር የሚጽፈው።

ለአጎትህ የምትነግረው አንድ ነገር ግን ልስጥህ፤ ደስም ይለዋል፣ ያናድደዋልም። እንግሊዞች እስከ 1976 ድረስ ጎልን የሚያወዳድሩት በመቀነስ ሳይሆን በማካፈል ነበር። ያገባኸውን ለገባብህ ታካፍላለህ። በዚያ በድሮው ሕግ ሊቨርፑል 65 ለ 28 ሲካፈል 2.32 ያመጣል። አርሰናል 73 ለ 36 ሲካፈል 2.03። ዋንጫው የሊቨርፑል ነበር ማለት ነው! ማካፈሉ የተተወው ብዙ ከሚያገባ ይልቅ ጥቂት የሚገባበትን ስለሚያደላ ነው፤ በሩን ዘግቶ የሚጫወት ቡድን ይጠቀም ነበር። እኛ «የግብ ክፍያ» የምንለው ቃል ራሱ የማካፈል ሽታ አለው፤ የምንሠራው ግን መቀነስ ነው። ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

ሌላም አለ። ከዚህ ጨዋታ 3 ቀን በፊት፣ ማክሰኞ፣ ሊቨርፑል ዌስትሃምን 5 ለ 1 ቀጥቶ ከሊጉ እንዲወርድ አድርጎት ነበር። ያን ቀን 5 ለ 0 ቢያልቅ ኖሮ የሊቨርፑል የመጨረሻ ክፍያ 38 ይሆን ነበር። አርሰናል 37። የሚወርድ ቡድን በአንፊልድ ያገባት፣ ያኔ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠራት አንዲት ጎል ናት ዋንጫውን ያዞረችው። አጎትህ የሚናደድበት ነገር ከፈለገ በዳኛው ሳይሆን በዚያች ጎል ይናደድ።

አሁን ወደ ዳኛው። የመጀመሪያዋ ጎል የገባችው ከእረፍት መልስ በ52ኛው ደቂቃ ነው። የሊቨርፑሉ ሮኒ ዊላን ሮካስል ላይ እግሩን ከፍ አድርጎ ገባና ቅጣት ምት ተሰጠ። ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት፤ ማለትም ኳሱ ሌላ ተጫዋች ሳይነካው መረብ ውስጥ ቢገባ ጎል አይደለም። ናይጀል ዊንተርበርን በግራ እግሩ አሻገራት። አለን ስሚዝ በጭንቅላቱ ጫፍ ዳሰሳት። የሊቨርፑሉ በረኛ ግሮበላር ደርሶ ሳይነካት ገባች።

የሊቨርፑል ተጫዋቾች ዳኛውን ዴቪድ ሃቺንሰንን ከበቡት። ክርክራቸው ሁለት ነበር፦ ስሚዝ አልነካትም፣ ወይም ከጨዋታ ውጭ ነበረ። ዳኛው አልቸኮለም። ወደ መስመር ዳኛው ሄዶ አነጋገረው፤ ከዚያ ወደ መሃል ሜዳ ጠቆመ። ምስሉን ቀስ አድርገህ እየው፤ ኳሷ ስሚዝ ጋ ስትደርስ አቅጣጫዋን ትንሽ ትለውጣለች። ስሚዝ በሊጉ በዚያ ዓመት 23 ጎል ያገባ ሰው ነው፤ እንዲህ ዓይነቷን በቴስታ መነካካት ሥራው ነው። በእኔ ግምት ጎሏ ንጹህ ናት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ረዳቱን ሄዶ የጠየቀ ዳኛን «ዘረፈን» ማለትም ነውር ነው።

እሺ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ። እውነቱን ለመናገር የምወደውም እሱን ነው።

መጀመሪያ የሊቨርፑልን ሁኔታ እይ። ይህ ጨዋታ በፕሮግራሙ መሠረት መካሄድ የነበረበት ኤፕሪል 23 ነበር። ከዚያ 8 ቀን በፊት፣ ኤፕሪል 15፣ ሼፊልድ በሚገኘው ሂልስቦሮ ስታዲየም የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ሊያዩ የሄዱ የሊቨርፑል ደጋፊዎች በመጨናነቅ አለቁ። የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 97 ሆኗል። ክለቡ ጨዋታ አቆመ። ተጫዋቾቹ ከቀብር ወደ ቀብር ሲዞሩ ሰነበቱ። የአርሰናሉ ጨዋታ የሊጉ መዝጊያ የሆነው በዚህ ሐዘን ምክንያት እንጂ በማንም ዕቅድ አይደለም።

ሲመለሱ ደግሞ ጨዋታው ተከመረባቸው። ከሜይ 3 እስከ ሜይ 26 ባሉት 24 ቀናት ውስጥ 8 ጨዋታ አደረጉ። ከነዚህ አንዱ ሜይ 20 በዌምብሊ በተጨማሪ ሰዓት ኤቨርተንን 3 ለ 2 ያሸነፉበት የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ነው። ስለ ድካም ስናወራ እግር ብቻ አናስብ። ከሐዘን ቤት ወጥቶ ለዋንጫ የሚሮጥ ሰው ጭንቅላቱ ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን፣ ሐዘን የገባበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ያም ሆኖ ከጃንዋሪ 1 ወዲህ በየትኛውም ውድድር አልተሸነፉም ነበር። አንፊልድ ላይ በ2 ጎል ልዩነት ከተሸነፉም ከ3 ዓመት በላይ አልፏል። አርሰናል ደግሞ እዚያ ሜዳ ካሸነፈ 14 ዓመት አልፎታል። የአርሰናል የቅርብ ጊዜ ውጤትም የሚያስፎክር አልነበረም፤ በሜዳው በደርቢ ካውንቲ 2 ለ 1 ተሸንፎ፣ ከዊምብልደን 2 ለ 2 ወጥቶ ነው የመጣው። ዋንጫውን ራሱ የጣለው መስሎ ነበር።

ጆርጅ ግራሃም ግን አልደነገጠም። ሁለት ጎል የሚያስፈልገው አሰልጣኝ ምን ያደርጋል? አጥቂ ይጨምራል ትላለህ። እሱ በ5 ተከላካይ ገባ። አዳምስ፣ ቦልድና ኦሊሪ መሃል፤ ዲክሰንና ዊንተርበርን በሁለቱ መስመር። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን ልጆቼን ስለ ትዕግሥት ሳስተምር የማነሳው ይህን ነው።

አስበው። አርሰናል አንድ ጎል ከገባበት 3 ማግባት አለበት፤ ያ ማለት ጨዋታው አለቀ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዜሮን መጠበቅ ነው። ሦስት መሃል ተከላካይ ካለህ ደግሞ ሁለቱ የመስመር ተጫዋቾችህ ሳይፈሩ ወደ ፊት ይወጣሉ። ሊቨርፑል የሚያጠቃው በጆን ባርንስና በሬይ ሃውተን በኩል ነው። ዲክሰንና ዊንተርበርን ኳሱ እግራቸው ላይ ሳያርፍ ደረሱባቸው። ባርንስ ዞሮ ፊቱን ወደ ጎል ሲያደርግ ማንም አያቆመውም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ግን እንደማንኛውም ተጫዋች ነው። ግራሃም ይህን አሰላለፍ ያን ማታ አልፈጠረውም፤ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ሞክሮት ነበር። ለተጫዋቾቹም የነገራቸው ቀላል ነው፦ እስከ እረፍት 0 ለ 0 ይሁን፤ ከእረፍት መልስ አንድ እናግባ፤ ያኔ እነሱ ይርበተበታሉ።

ሳይጀመር ሌላ ነገር አለ፤ ታክቲክ አይደለም፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ ግን አልፈልግም። ከለንደን የሚመጡ ደጋፊዎች መንገድ ላይ ተይዘው ስለነበር ጨዋታው በጥቂት ደቂቃ ዘገየ። ከዚያ የአርሰናል ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው እቅፍ አበባ ይዘው ወጡ፤ ለሂልስቦሮ ሟቾች መታሰቢያ በየማዕዘኑ ላሉት የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሰጡ።

የመጀመሪያው አጋማሽ እንደታሰበው አለቀ። 0 ለ 0። ሊቨርፑል ኢያን ረሽን ገና ከግማሽ ሰዓት ብዙ ሳይርቅ በጉዳት አጣ፤ ቤርድስሊ ተተካ። ቤርድስሊ ምርጥ ነው፤ ግን ከተከላካይ ጀርባ የሚሮጠው ረሽ ነበር። እሱ ሲወጣ የአርሰናል ሦስቱ መሃል ተከላካዮች እፎይ አሉ።

ከዚያ 52ኛው ደቂቃ። የአጎትህ ቡድን ችግር እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው።

1 ለ 0 ሆነ። አርሰናል ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፦ አንድ ይፈልጋል። ሊቨርፑልስ? አንድ ቢያገባ ጨዋታው አለቀ። ምንም ባያገባም ሻምፒዮን ነው። ወደ ፊት ቢሄድ ልክ ነው፤ ወደ ኋላ ቢቀመጥም ልክ ነው። ሁለቱም ልክ ሲሆን ቡድን ለሁለት ይከፈላል። ምስሉን ስታይ አልድሪጅና ባርንስ ለጎል ይሮጣሉ፤ ሃንሰንና አብሌት ወደ ኋላ ይጠጋሉ። መሃል ላይ ማክማሆንና ዊላን የሚከተሉትን አጥተው ይታያሉ። መሸነፍ የማይጎዳው ቡድን ማሸነፍን ይረሳል። የፈረደባቸው ያ «ይበቃናል» የሚል ስሌት ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ልማዱም አልነበራቸውም። በ20 ዓመት ውስጥ ሊቨርፑል አንፊልድ ላይ 1 ለ 0 እየተመራ «እንዲሁ ይለቅ» ብሎ የተጫወተበት ቀን ስንት ነው? ሰዓት መግደል የሚያውቁት እየመሩ ነው። ያኔ በረኛ ከጓደኛው የተመለሰለትን ኳስ በእጁ መያዝ ይችል ነበር፤ ክልከላው የመጣው በ1992 ነው። ሃንሰን ለግሮበላር፣ ግሮበላር ለሃንሰን እያሉ ተጋጣሚን ማሰልቸት የሊቨርፑል ሙያ ነበር። ያን ማታ ግን በሜዳቸው፣ በደጋፊያቸው ፊት፣ እየተመሩ ይህን ማድረግ ከበዳቸው።

አርሰናልም ዕድል አግኝቶ ነበር። በ74ኛው ደቂቃ አካባቢ ማይክል ቶማስ ብቻውን ከግሮበላር ጋር ተፋጠጠ፤ ለስላሳ ኳስ መትቶ እጁ ላይ አሳረፈለት። ብዙ ሰው «አለቀ» ያለው ያኔ ነው። ግራሃም ግን በዚያው ሰሞን መርሰንን በሄይስ፣ ቦልድን በግሮቭስ ቀየረ። አምስተኛውን ተከላካይ አወጣ። ከአሁን ወዲያ ሁለተኛ ጎል ካላገባ አንድ ቢገባበትም ባይገባበትም ዋንጫው ያው ያመልጠዋል፤ ስለዚህ ወደ 4-4-2 ተመለሰ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ከዚህ በኋላ ቀስ ብለህ ተከተለኝ።

ሪቻርድሰን ጡንቻው ተይዞ ወደቀ፤ ጨዋታ ቆመ። ስቲቭ ማክማሆን ለጓደኞቹ አንድ ጣቱን እያሳየ ይዞራል። አንድ ደቂቃ! ያኔ የጭማሪ ደቂቃ የሚያሳይ ሰሌዳ የለም፤ ሰዓቱ ዳኛው እጅ ላይ ብቻ ነው። ማክማሆን ከቤንች የሰማውን ነው የሚያስተላልፈው።

ጨዋታው ቀጠለ። ኳስ ባርንስ ጋ ደረሰች፤ አርሰናል ሜዳ ውስጥ፣ ዳር ላይ። ወደ ማዕዘኑ ሄዶ ጀርባውን ቢሰጥ ዋንጫው የሊቨርፑል ነው። ባርንስ ግን አልፎ ለመሄድ ሞከረ። ወደ ጎል! ሪቻርድሰን፣ ያ አሁን ወድቆ የነበረው፣ ኳሱን ነጠቀና ወደ በረኛው ሉኪች መለሰ። ሉኪች በእጁ አነሳት። ዛሬ ቢሆን ዳኛው ፊሽካ ሊነፋበት የሚችል ኳስ ነው፤ በ1989 ግን ፍጹም ሕጋዊ።

ሉኪች በእግሩ አርቆ አልመታም። ወደ ዲክሰን ወረወረ። እንዲህ ባለ ሰዓት በረኛ ለመስመር ተከላካይ ኳስ ሲወረውር አይተህ «ምነው!» ያልክበት ጊዜ አለህ አይደል? ዲክሰን ቀና ብሎ ረጅም ኳስ ወደ ስሚዝ ላከ። ስሚዝ በአንድ ንክኪ አብርዶ ዞረና ለቶማስ አሻገረለት። ቶማስ ኳሷን ኒኮልን ለማሳለፍ ገፋት፤ ኒኮልን ነክታ ተመልሳ ፊቱ ላይ ወደቀችለት። እዚህ ጋ ዕድል የለም አልልህም። አለ።

ቀጥሎ ያለው ግን ዕድል አይደለም። ቶማስ 21 ዓመቱ ነው። ከ17 ደቂቃ ገደማ በፊት እንዲሁ ብቻውን ሆኖ ቸኩሎ ስቷል። አሁን ኒኮልና ሃውተን ከኋላ እየተንሸራተቱ እየደረሱበት፣ አልቸኮለም። ጠበቀ። ግሮበላር ቀድሞ እስኪወርድ ጠበቀ። ከዚያ በላዩ አሳለፈው። 91ኛው ደቂቃ። 2 ለ 0። በቴሌቪዥን የሚያስተላልፈው ብራያን ሙር ኳሱ ገና ቶማስ እግር ላይ እያለ ዋንጫው ለሚነጥቀው ክፍት ሆኗል ብሎ ጮኾ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ዛሬም ሰው የሚያስታውሰው ያን ድምፁን ነው።

ሰው የማያስተውለው ደግሞ ከጎሉ በኋላ ያለውን ነው። ሊቨርፑል መሃል ላይ ጀምሮ ኳስ ወደ አርሰናል የቅጣት ክልል ወረወረ። እዚያ የተገኘው ማን ነው? ቶማስ። ተረጋግቶ ኳሱን ተቆጣጥሮ ለሉኪች መለሰለት። ዋንጫ አግብቶ እየጨፈረ መሆን ሲገባው ተመልሶ ይከላከል ነበር። ልጆቼን ጎሉን ሳሳያቸው ቪዲዮውን እዚያ ላይ አላቆመውም፤ ይህን እንዲያዩ።

አርሰናል ከ1971 በኋላ፣ ከ18 ዓመት ቆይታ በኋላ፣ ሻምፒዮን ሆነ። ሊቨርፑል በአንድ ዓመት የሊጉንና የኤፍኤ ካፕን ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ የወሰደ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ክለብ ለመሆን አንድ ደቂቃ ቀርቶት አመለጠው። እና ኮፕ በሚባለው መደብ የቆሙት ደጋፊዎች ለአርሰናል አጨበጨቡ። ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ። ለአጎትህ የምታነሳለት ከሆነ ይህንንም አንሳለት፤ የእሱ ሰዎች ናቸው።

በነገራችን ላይ «ነጥብ እኩል ሆኖ ዋንጫ በጎል ሲወሰን» ካልክ፣ ቀጥሎ የሆነው በ2012 ነው፤ ሲቲና ዩናይትድ 89 ለ 89፣ አግዌሮ በጭማሪ ሰዓት። እዚያ ግን የግብ ክፍያው 64 ለ 56 ነበር፤ ከእኩልነት የራቀ። ሲቲም ሜዳው ላይ ሆኖ የተጫወተው ከኪውፒአር ጋር ነው እንጂ ከተፎካካሪው ጋር አልነበረም። በ1989 ግን አንደኛና ሁለተኛው በአንድ ሜዳ ቆመው ነው የመጨረሻዋ ደቂቃ የለያቸው።

ክርክራችሁ ካልበረደ አንድ የመጨረሻ ነገር አለኝ። ማይክል ቶማስ በዲሴምበር 1991 አርሰናልን ለቆ ሄደ። የት? ሊቨርፑል። ገና በመጀመሪያው ዓመቱ፣ በ1992ቱ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ሰንደርላንድ ላይ የመጀመሪያውን ጎል አገባ፤ 2 ለ 0 አሸነፉ። አጎትህን ያን ቀን ምን ሲያደርግ እንደዋለ ጠይቀው። ለቶማስ ሳይጮኽ የቀረ አይመስለኝም።